ዘርፈ ብዙ ጥናት፣ ፌሎሺፕና ፈቃድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ካሉ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ከአንድ የትምህርት ዘርፍ ያለፈ የሂውማኒቲስ (እንደ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ፍልስፍና ያሉ ዘርፎች) ጥናት ይዘው ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ፈቃድ የሚሹ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም ስለሚተርፍ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ፤ ዶክትሬቴን ከያዝሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የ«ክፉ ቀን» ረኀብ በዜና መዋዕሎችና በቃል ግጥሞች እንዴት እንደተነገረ ለማጥናት ፈልጌ፣ «ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክንና የአየር ንብረት ሳይንስን ያጣመረ ጥናት» ብዬ ለአንድ የውጭ ፌሎሺፕ (ለምሁር የጥናት ጊዜና ድጋፍ የሚሰጥ ዕድል) አመለከትሁ፤ አልተሳካም። የገምጋሚዎቹ አስተያየት «ዘርፎቹ ተደርድረዋል እንጂ አልተገናኙም» ይላል። ምን ማለታቸው ነው? — መ.፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ርዕሰ ጉዳይዎ ጠንካራ ነው፤ እባክዎ አይጣሉት። ገምጋሚ የዘርፎችን ስም ዝርዝር በማየት ብቻ አያምንም። የሚፈልገው አንዱ ዘርፍ ብቻውን ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ነው። ቀጥሎም የሁለተኛው ዘርፍ መረጃ የመጀመሪያውን ንባብ የሚለውጠው የቱ ጋ እንደሆነ ማየት ይሻል።

በራስዎ ጉዳይ እንየው። ክፉ ቀን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት የዘለቀ መከራ ነው። የከብት በሽታው በሬውን ፈጀ፣ ዝናቡ አጠረ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። በቃል ግጥሙም ሆነ በጽሑፉ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ተደራርበው ነው የሚመጡት። አሁን በቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያሉትን የጽድ ዛፎች ያስቡ። የግንዳቸው የዕድገት ቀለበት የዝናቡን ማነስና መብዛት ይይዛል፤ ስለ በሬ ግን የሚናገረው የለም። እንግዲህ ጽሑፉ «ረኀብ ጸና» ባለበት ዓመት ቀለበቱ ሰፊ ሆኖ ከተገኘ፣ በዚያ አገር ሰው የተራበው ሰማይ ነጥፎበት ሳይሆን የሚያርስበት አጥቶ መሬቱ ጦም ስላደረ ነው የሚለው ግምት ይጠነክራል። ቀለበቱ ጠባብ ሆኖ ጽሑፉ ዝም ካለ ደግሞ፣ ጸሐፊው የት ተቀምጦ፣ ለማን ይጽፍ ነበር የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህን የሚመልሰው የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው። ጥናቱ ያለው ሁለቱ መረጃዎች በማይስማሙበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ አመልካች ግን ሁሉም ዘርፍ አንድን ነገር እንደሚያረጋግጥለት ጽፎ ይልካል፤ ገምጋሚውም «ታዲያ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?» ይላል።

ግንኙነቱ በዝርዝር ሥራ ላይ መታየት አለበት። የዘመን አቆጣጠሩን ይውሰዱ። ዛፉ በዋናነት የሚያድገው በክረምት ነው፤ የክረምቱ ዝናብ የሚያልቀው ደግሞ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል ነው። ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ 1880 ዝናብ ያፈራው እህል የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ 1881 ነው፤ ጽሑፉ የ1881 ረኀብ ሲል ቀለበቱ የ1880 ነው ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ሁለቱም እ.ኤ.አ. 1888 ላይ ይወድቃሉ። ይህን ሳያስተካክል ሁለቱን ሰንጠረዥ ያጋጠመ ሰው ጥናቱ በሙሉ በአንድ ዓመት ይዛነፍበታል። እንዲህ ያለችውን ነጥብ በፕሮፖዛሉ ውስጥ በሦስት መስመር ቢያስቀምጡ፣ ከአየር ንብረት ባለሙያው ጋር በእርግጥ ተቀምጠው እንደተነጋገሩ ገምጋሚው ወዲያው ያውቃል።

ሁለተኛው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ጽድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል፤ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ሐሰተኛ ቀለበት እንደሆነ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ባለሙያው የጽሑፉን የረኀብ ዓመታት አስቀድሞ ካወቀ፣ ሳያስበው ውሳኔው ወደዚያ ያዘነብላል። ስለዚህ እርስዎ እያንዳንዱን የረኀብ መጠቀስ ከነቦታው፣ ከነወሩና ከነምንጩ ለብቻዎ ያውጡ፤ እሱም ቀለበቱን ለብቻው ለክቶ ይጨርስ፤ ከዚያ በአንድ ቀን ይግጠሙ። አንድ የዝናብ ወቅት ብቻ ያለበትን ቦታ መምረጥም ችግሩን ይቀንሳል። ናሙናው የሚወጣው ውስጡ ክፍት በሆነ መሰርሰሪያ ነው፤ የናሙናው ውፍረት 5 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ዛፉን አይገድልም። ከአንድ ቦታ ከ15 እስከ 20 ዛፍ፣ ከእያንዳንዱም ከሁለት አቅጣጫ መውሰድ የተለመደ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መሰርሰር ግን ለአካባቢው ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ማግኘት የዕቅዱ አካል ሆኖ፣ ጊዜ ተይዞለት መጻፍ አለበት።

የአጋር ደብዳቤም ብዙ ጊዜ ሰውን ይጥላል። «ጥናቱን እንደግፋለን» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። «በጥርና በየካቲት ይህን ያህል ሳምንት እሰጣለሁ፣ ልኬቱን በዚህ ቤተ ሙከራ እሠራለሁ፣ ሰንጠረዡን እስከዚህ ቀን አስረክባለሁ» የሚል ያስፈልጋል። የአጋሩ ጊዜ በበጀቱ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ገምጋሚው ስሙ ለጌጥ የገባ ይመስለዋል።

የመክፈቻ አንቀጽዎን እንዲህ ያነጻጽሩት። «ይህ ጥናት ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክንና የአየር ንብረት ሳይንስን በማጣመር ክፉ ቀንን ይመረምራል» ከማለት፦ «በ1881 ዓ.ም. የተራበው ገበሬ የተራበው ዝናብ ጠፍቶ ነው ወይስ በሬው አልቆ? ጽሑፎቹና የቃል ግጥሞቹ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሉ እንጂ በየአገሩ አይለዩም። የጽድ ቀለበት የዝናቡን ይለያል፤ ጽሑፉ የሰውን ይናገራል። በዚህ ጥናት ሁለቱ የሚለያዩባቸውን ዓመታት ለይቼ ምክንያቱን እፈልጋለሁ።» ሁለተኛው የዘርፍ ስም አንድ እንኳ አልጠራም፤ ግን ዘርፈ ብዙነቱ ይታያል። በፌሎሺፕ ዳኝነት ላይ የሚቀመጡት ሰዎች የሙዚቃ፣ የሕግ ወይም የፍልስፍና ምሁራን ሊሆኑ እንደሚችሉም አይርሱ፤ ዜና መዋዕል ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ለመስክ ሥራዬ ገንዘብ የለኝም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ፌሎሺፕ ሁሉ እየሞላሁ ነው፤ አንዱም አልመለሰልኝም። የት ላመልክት? — ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ መጀመሪያ የገንዘቡን ዓይነት ይለዩ። ስኮላርሺፕ ዲግሪ ለመማር ነው። የምርምር ድጎማ ለመስክ፣ ለመሣሪያ፣ ለረዳት የሚከፈል ነው። በአንድ የጥናት ማዕከል ተቀምጦ የሚሠራበት ፌሎሺፕ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ነው፦ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ የትምህርት ዓመት ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍትና መኖሪያ አግኝተው፣ አስቀድመው የሰበሰቡትን ቁጭ ብለው እንዲጽፉ። «እዚያ ሆኜ መረጃ እሰበስባለሁ» የሚል ማመልከቻ ለዚህ ዓይነቱ ከላኩ መልሱ የታወቀ ነው። ደግሞም አብዛኛዎቹ ዶክትሬት ለያዙ ነው። ስለዚህ አሁን የሚበጅዎ ሁለተኛው፣ ማለትም ድጎማ ነው።

ቅርብ ካለው ይጀምሩ። ኦስሪያ በመባል የሚታወቀው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዳካር ያለው የአፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት፣ ኮዴስሪያም፣ ለአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ጥሪ ያወጣል። ጥናትዎ በአንትሮፖሎጂ ላይ የቆመ ከሆነ የኒው ዮርኩ ዌነር ግሬን ፋውንዴሽን ለዶክትሬት የመስክ ሥራ ይከፍላል፤ ዜግነት አይመርጥም። ታሪክ፣ አርኪኦሎጂ ወይም የጥበብ ታሪክ ከሆነ የጀርመኑ ገርዳ ሄንክል ፋውንዴሽን አለ፤ ለዶክትሬት ተማሪ በቀጥታ ይሰጥ እንደሆነ ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የዘመኑን ልቦለድ ብቻ የሚመለከት ጥናት ግን ወደዚያ አይላኩ፤ ትኩረታቸው ታሪካዊ ጥናት ላይ ነው።

ዶክትሬቱን ሲይዙ ደግሞ ሁለት ስሞችን ያስታውሱ። በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የሚገኘው የላቀ ጥናት ተቋም ኢሶ ሎምሶ የሚባል ፌሎሺፕ አለው። በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ውስጥ ለሚሠሩ ጀማሪ ምሁራን የሚሰጥ ሲሆን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከፋፍለው በድምሩ እስከ 10 ወር ይቀመጡበታል። ማስተማሩን ለረዥም ጊዜ መተው ለማይችል የእኛ አገር መምህር ይህ መከፋፈሉ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው አክራ፣ በጋና ዩኒቨርሲቲ ያለው ሚያሳ የተባለው የላቀ ጥናት ተቋም ነው፤ ለግለሰብ ከሚሰጠው ሌላ፣ ከተለያየ ዘርፍ የተውጣጡ ጥቂት ሰዎች አንድ ጥያቄ ይዘው አብረው የሚቀመጡበት የቡድን ፌሎሺፕ አለው።

መልስ የሚያሳጣው አብዛኛውን ጊዜ «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን መስመር ዘልሎ መሙላት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የምሁራን ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ለዓመታት ይካሄድ የነበረው የአፍሪካ ሂውማኒቲስ ፕሮግራም ስሙ ለአህጉሩ ሁሉ ይመስላል። ክፍት የነበረው ግን ለጋና፣ ለናይጄሪያ፣ ለደቡብ አፍሪካ፣ ለታንዛኒያና ለኡጋንዳ ምሁራን ነበር። አገሩን፣ ዶክትሬቱ የተያዘበትን ዓመትና የሥራ ቦታውን የሚጠይቁትን ሦስት መስመሮች አስቀድመው ያንብቡ፤ አንዱ ካልገጠመ ይለፉት። ሁሉን ከመሙላት ሦስቱን በደንብ መጻፍ ይሻላል።

በጀቱን በብር ብቻ አይጻፉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር የተሠሩ የጥናት በጀቶች በአንድ ጊዜ ከዋጋ ውጪ ሆነዋል። በሰጪው ገንዘብ ይጻፉ፣ የተጠቀሙበትን ምንዛሬ ቀኑን ጠቅሰው ያስቀምጡ። ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ በኩል የሚገባ ከሆነ ደግሞ ተቋሙ ለአስተዳደር የሚቆርጠው ስንት በመቶ እንደሆነ ከመላክዎ በፊት ከምርምር ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ሰጪ ይህን ወጪ ጨርሶ አይከፍልም።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከአንድ የግእዝ ባልደረባዬ ጋር የብራና መጻሕፍትን ጥቁርና ቀይ ቀለም በተንቀሳቃሽ የኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ (በጨረር በቀለሙ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች የሚለይ) ልናጠና አስበናል። ፈቃዱ ከየት ይጀምራል? — ተ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ፈቃድ ከመጠየቅዎ በፊት የትኞቹን መጻሕፍት እንደሚፈልጉ በምስል ይምረጡ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል። ቅጂዎቹ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኩል በነፃ ምዝገባ ኢንተርኔት ላይ እየታዩ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ይጠይቁ። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለም አይለይም፤ የጽሕፈቱን ዘመንና ይዘቱን ለመምረጥ ግን ይበቃል። ባልደረባዎ ዘመናቸው የታወቁ፣ ጸሐፊያቸው የተጠቀሰ መጻሕፍትን ቢለይ ጥናቱ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው፤ ዘመኑ ያልታወቀ ብራና ላይ የተለካ ቀለም ከምን ጋር ይነጻጸራል?

መሣሪያው የማያየውን አስቀድመው ይወቁ። በአገራችን ባህል ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸትና ከከሰለ ነገር ይሠራል፤ ይህም ካርቦን ስለሆነ መሣሪያው አያነብበውም። በቀዩም ላይ ሜርኩሪ ካሳየ ከውጭ የመጣ ሲናባር (ሜርኩሪ ያለበት ቀይ ማዕድን) ሊሆን ይችላል፤ ከዕፅ የተሠራ ቀይ ግን አይታየውም። ስለዚህ የኢንፍራሬድ ፎቶ ይጨምሩ፦ ወደ 1,000 ናኖሜትር ሲደርስ ከብረት የተሠራ ቀለም ይደበዝዛል፣ ጥላሸት ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጨረሩ ብራናውን አልፎ ከጀርባው ያለውን ጽሕፈት ስለሚያነብ፣ ከጀርባው ጽሕፈት የሌለበትን ነጥብ ይምረጡ፣ ከሥሩ ንጹሕ መለያ ያድርጉ፣ ከአጠገቡ ያለውንም ባዶ ብራና ይለኩ። ባዶው ካልተለካ ውጤቱ የቀለሙ ይሁን የብራናው አይታወቅም።

የፈቃዱ መንገድ መጻሕፍቱ በሚገኙበት ይወሰናል። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ስለሆኑ ከኮሌጅዎ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ይጀምራሉ። በደብርና በገዳም ያሉትን ከፈለጉ ከጠቅላይ ቤተ ክህነት ወደ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ በመጨረሻም ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ የሚወርድ ደብዳቤ ያስፈልግዎታል፤ አንዱን እርከን ከዘለሉ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥናት ፈቃድ ስለሚደነግግ የቅርስ ባለሥልጣኑንም ማነጋገር አለብዎ። ጨረር የሚያመነጭ መሣሪያ ከውጭ የሚገባ ከሆነ ከጨረራ ተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ሳይያዝ ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

ደብዳቤው ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ የሚመጡት ሰዎች ሙሉ ስም፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ከብራናው ምንም ናሙና እንደማይወሰድና መጽሐፉ ከቅጥሩ እንደማይወጣ። በሕማማትና በንግሥ ሰሞን አይሂዱ፤ የዕቃ ቤቱ ሰው አይኖቹን ከእናንተ ላይ ሳያነሣ ሊቀመጥ የሚችልበት ቀን ያስፈልጋል፣ ይህም መብቱ ነው። ምስሉን በሃርድ ዲስክ ለደብሩ መተውም ግዴታችሁ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ የታሪክ፣ የአርክቴክቸርና የፎቶግራፍ ሰዎች ሆነን፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ የተነሡ ነዋሪዎችን ትዝታ ለመቅረጽ ተነሥተናል። ሰዉ ተበታትኗል። እንዴት እንጀምር? — ኢ.፣ ከአራዳ

መልስ፦ በእድር ይጀምሩ። ሰፈር ቢበተን የእድሩ መዝገብ ይኖራል፤ ጸሐፊውም አባላቱ ወዴት እንደሄዱ ከማንም በላይ ያውቃል። በእሱ በኩል ከሄዱ እንግዳ አይሆኑም።

በቃለ መጠይቁ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ ግቢያቸውን እንዲስሉ ጠይቁ፦ በሩ፣ ቧንቧው፣ ማድ ቤቱ፣ የማን ቤት ከማን ጋር ግድግዳ ይጋራ እንደነበር። አርክቴክቱ በኋላ ከአሮጌ ካርታና ከአየር ፎቶ ጋር ያስተያየዋል። ፎቶውን ግን ከሥዕሉ በፊት አታሳዩ፤ አንዴ ፎቶ ካዩ ትዝታው ፎቶውን ይከተላል። ሥዕሉና ካርታው በማይገጥሙበት ላይ ቆማችሁ ጠይቁ፦ በካርታው ያለ መንገድ በሥዕሉ ከጠፋ፣ ልጆች እንዳይሄዱበት የተከለከለ ሊሆን ይችላል።

ድምፁን በዌቭ ፎርማት፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅረጹ፤ በስቴሪዮ አንድ ሰዓት 1 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መድቡ፤ ብዙ የቃል ታሪክ ሥራ የሚቆመው ይህ ሰዓት በበጀት ስላልተያዘ ነው። በየቀኑ ማታ ሦስት ቅጂ አድርጉ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይደር።

ፈቃዱን በወረቀትም በድምፅም ውሰዱ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስማቸው ይጠቀስ ወይስ አይጠቀስ፣ ድምፃቸው ለሕዝብ ይከፈት ወይስ ለተመራማሪ ብቻ፣ እያንዳንዱ ለየብቻ ይጠየቅ። የፒያሳ ትዝታ ውስጥ ቀይ ሽብር ይመጣል። ሰዎች ያኔ ማን ማንን እንደጠቆመ በስም ይናገራሉ፤ የተጠሩት ሰዎች ወይም ልጆቻቸው እዚሁ ከተማ አሉ። ያንን ክፍል ከሚከፈተው ቅጂ ለይታችሁ አሽጉት፤ ተናጋሪውንም ቅጂውን ካዳመጠ በኋላ እንደገና ጠይቁት። የቤተሰብ ፎቶዎችን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ኢኮኖሚያዊ መብት ከተነሣበት ጊዜ 25 ዓመት ስለሚቆይ አብዛኞቹ አልፈውታል፤ የባለቤቱ ይሁንታ ግን በምንም አይቀርም። ቅጂዎቹን የሚረከበውን ተቋም፣ ስድስት ኪሎም ሆነ ወመዘክር፣ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት አነጋግሩ፤ ፋይሎቹን በምን ስያሜ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬ «ዘግይቷል» ተብሎ ተመለሰ፤ እኔ ግን በቀኑ ነው የላክሁት። ሌላም ጊዜ የዲግሪዬ ዓመትና ስሜ ከፓስፖርቴ ጋር አይገጥምም ተባልሁ። — ሀ.፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ የማብቂያው ሰዓት የሚቆጠረው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ይለዩ፤ ለምሳሌ የጀርመን 23፡59 በበጋቸው በእኛ ከሌሊቱ 6፡59 ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 7፡59። በወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የማን እንደሆነ ካልተጻፈ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዓመቱን ወደ እ.ኤ.አ. ሲቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይጨምራሉ፤ በሐምሌ 2013 የተመረቀ እ.ኤ.አ. 2021 እንጂ 2020 አይጽፍም። ስምዎን ከፓስፖርቱ ሆሄያት ሳይለውጡ ይገልብጡ። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥም ፓስፖርቱ ያስቀመጠውን ይጻፉ፤ ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎ መምህራንም በዚያው አጻጻፍ እንዲጠሩዎ አስቀድመው ይላኩላቸው።